ወይን ያለበት ስም

በአገራችን ስም አውጪዎች ዘንድ ወይን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ሐረገወይን፣ ወይንሸት፣ ወይንእሸት… ሴት ልጅ የተወለደችለት የጎጃም ገበሬ፣ ዙሪያውን ዳጉሳና በቆሎ፣ ጤፍና ኑግ ከቦት ሳለ፣ ስም ፍለጋ ዓይኑን ሲያነሣ የሚያርፈው በማያበቅለው ተክል ላይ ነው። ልጁን «ዳጉሳዬ» ብሎ የጠራ አባት አልሰማሁም። በጓሮው የቆመው ጌሾ እንኳ፣ ጠላውን ጠላ የሚያደርግለት ባለውለታው፣ ወደ ስም ማዕረግ አልወጣም። ወይን ግን ታይቶ ሳይታወቅ፣ ተቀምሶ ሳይታወቅ፣ መጥቶ ልጁ ላይ ያርፍለታል።

ቃሉ በሰው ስም ብቻ አልተወሰነም። ተማሪ ሳለን አገራችንን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን በሦስት ከፍለን ነበር የሸመደድነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት መካከለኛው ምድር በወይን ስም የሚጠራ ምድር ነው። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው መራዊም በዚሁ ስም ውስጥ ትኖራለች። መጠጡንም ቢሆን የተቀበልነው በራሳችን ቃል ነው፤ ወይን ጠጅ አልነው። ጠጅ ለእኛ የማር ነው፤ በጠርሙስ ታሽጎ የመጣውን ሌላውን መጠጥ የጠጅ ዘመድ አድርገን ከቤት አስገባነው። ከዚያም ወይን ጠጅ የቀለም ስም ሆነ። የመራዊ ገበያ የምትወጣ ሴት ወይን ጠጅ ሹራብና ወይን ጠጅ ጃንጥላ መርጣ ትገዛለች፤ ቀለሙ የተቀዳበትን ነገር በብርጭቆ አይታው ባታውቅም ቀለሙን አትስተውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በወይን ስም በተሰየመ ምድር ላይ፣ በወይን ስም የተሰየሙ ሴቶች፣ የወይን ሐረግ ሳያዩ ያረጃሉ ማለት ነው።

እናቴ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ይዛ ኖራለች። የትኛውን እንደሆነ አልጽፈውም፤ የእናት ስም አደባባይ አይዋልበትም። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። ዘቢብ ታውቃለች። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ… እነዚህ ሦስቱ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥረው ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ፍሬውንም ቢሆን ባሕር ዳር በሄደችበት ጊዜ በፍራፍሬ መሸጫ ደጃፍ አይታዋለች፤ ዋጋውን ጠይቃ ትታዋለች። ሐረጉን ግን፣ ቅጠሉ በንፋስ ሲገለባበጥ፣ ዘለላው ከግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ አዝመራ ማሳ ሞልቶ አይታ አታውቅም። «ቅጠሉ እንደ ምን ነው? እንደ ዱባ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ጊዜ። በሥዕል ያየሁትን አስታውሼ «ትንሽ ይመስለዋል» አልኳት። «እንዲህ ከሆነማ ትልቅ ነገር አይደለም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ነገሩን ልተወው አልቻልኩም። የንስሐ አባታችንን ስለ ዘቢቡ ጠየቅኋቸው። በቤተልሔም ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጠልሎ ለቅዳሴ እንደሚቀርብ በዝርዝር አስረዱኝ። «አባታችን፣ ማር በደጃችን ሞልቶ ሳለ ለምን በጠጅ አይሆንም?» ብላቸው ፈገግ አሉ። «ጌታችን ራሱን በወይን ግንድ መሰለ እንጅ በቀፎ አልመሰለም» አሉኝ። የቅኔ አገር ቄስ መልስ ነው። «እርስዎስ ተክሉን አይተውት ያውቃሉ?» ብዬ አስከተልኩ። ለአፍታ ዝም ብለው፣ «በመጽሐፍ አይቸዋለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ርቀት የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ እንደተረከው፣ በዚያ ዘመን ከወይን ፍሬ የተጠመቀ መጠጥ በግልጽ የሚሠራው በሁለት ቤቶች ብቻ ነበር፤ በአፄ ልብነ ድንግል ቤትና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። የቀረው አብያተ ክርስቲያናት በዘቢብ ይቀድስ ነበር። ወይን ይታወቃል፤ ይከበራል፤ ነገር ግን የንጉሥና የጳጳስ ነው። ለገበሬው የደረሰው የደረቀው ፍሬ፣ ከደረቀው ፍሬም ስሙ ነው። ከ500 ዓመት በኋላም በመራዊ ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ስለዚህ አንድ ጉዞ ማቀድ ጀመርኩ። እናቴን ወይን ወደሚበቅልባት ከተማ ወስጄ ስሟን ላሳያት።

በሌላው ዓለም የወይን ከተማ መጎብኘት ልማድ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በቦርዶ አካባቢ፣ ሳንቴሚልዮን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከነወይን ማሳዎቿ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። ስለ እርሷ ሳነብ ያስደነቀኝ ወይኗ አልነበረም። በመካከሏ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ነበር። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሰው አለቱን እየፈለፈለ ይጸልያል፣ ከአለቱ በላይ ደግሞ ወይን ይተክላል። ከመራዊ ሆኜ ለሳንቴሚልዮን ማቀድ ግን ለጨረቃ ማቀድ ነውና ዓይኔን ወደ አገር ቤት መለስኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጉደርን ነበር። ከአምቦ አልፎ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ስሟ ከማንኛውም የአገራችን ወይን ጠጅ በፊት ይታወቃል፤ በየመሸታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ «ጉደር» የሚል ጠርሙስ ያላየ የለም። ነገር ግን ያንን ጠርሙስ የሚሞላው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ መጥመቂያው አዲስ አበባ ነው፤ የወይን እርሻውም በአዋሽ ሸለቆ፣ በመርቲ በኩል ነው። ስም ያለባት ከተማና ሐረግ ያለበት ማሳ የተለያዩ ናቸው። እኔ ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ መለያየት እየሸሸሁ ነበር። ስም ብቻማ መራዊም አለን።

ቀጥሎ ዝዋይ መጣች፤ ዛሬ በይፋ ባቱ የምትባለው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,640 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከወይና ደጋው የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ከሐይቋ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዓሣዋ፣ በጽጌረዳ እርሻዎቿ፣ አንዳንዱም በማረሚያ ቤቷ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣቸውን የወይን ችግኞች በዚያ አሸዋማ አፈር ላይ ተከለ። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ… ስማቸው ለአፋችን ባይመችም አፈሩ ተቀበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች ለገበያ ወጡ። በዚያን ጊዜ ማሳው ወደ 120 ሄክታር ይደርስ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ የወቅቱ ነገር ነው። በብርድ አገር ወይን በበረዶ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና ይተኛል፤ ሲሞቅ ይነቃል። በእኛ አገር የሚያስተኛው በረዶ የለም። ስለዚህ ለሐረጉ ወቅት የሚሰጠው የገበሬው መቀስ ነው፤ ሲገረዝ አዲስ ዘመን ይጀምራል፣ ካልተገረዘ ዝም ብሎ ቅጠል ያወጣል። ይህን ሳነብ፣ የመጣበትን አገር ክረምት ያጣ ተክል ሰው በብረት ክረምት ሲሠራለት ታየኝ።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ነገርኳት። የመቀሱን ነገር በጥሞና ሰማች፤ ገበሬ ያሳደጋት ናትና ገባት። ከዚያ ማሳውን ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ እንደሚከበው፣ ቦዩም ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ የተቆፈረ መሆኑን ስነግራት ግን ሥራዋን አቆመች።

«ጅብም ወይን ይበላል እንዴ?»

«እንዲህ ነው የተጻፈው» አልኳት።

«እዚያ የማይጾም የለም ማለት ነው» አለችና ሳቀች።

ሳቋን ካየሁ በኋላ ስለ ደሴቶቹ ነገርኳት፤ ለእርሷ የሚሆነው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነበርና። በዝዋይ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ በሚተልቀው በቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም ትገኛለች። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት እንደሸሹ ትውፊቱ ይናገራል፤ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ኖረዋል። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዘይ ሰዎች ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከአምስቱ ደሴቶች አንዱ ደግሞ ስሙ ገሊላ ነው። የወይን ማሳ ካለበት ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ገሊላ መሻገር! ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን ሲያከብር ለኖረ ሰው ይህ የአጋጣሚ ጨዋታ ቀላል አይደለም።

እናቴ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። «ሴት ያስገባሉ?» አለች። ጥያቄዋ ገባኝ። በጣና ዙሪያ ተወልዳ፣ በጣና ዙሪያ አርጅታ፣ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ከዳር ሆና ከመሳለም በቀር እግሯ አልረገጣቸውም፤ ለሴት የተከለከሉ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ግን ባልና ሚስት ልጅ እያሳደጉ፣ እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩበት ደሴት ነው። «ያስገባሉ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እቅዱ የእኔ ብቻ መሆኑ የቀረው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እንደ ልማዴ ያን ሰሞን ሁለት ስንኝ ቋጠርኩ፦

ከስምሽ ላይ በቅሎ፣ ከደጅሽ የራቀ፣
ወይኔ እላለሁ እንጂ ማን ቀምሶ አወቀ?

ኅብሩ «ወይኔ» ላይ መሆኑን የቅኔ ወዳጆች አያጡትም፤ የእኔ ወይን ነው፣ የሐዘን ቃልም ነው። ዋሸራን በወለደ አገር ይህ እንደ ቅኔ የሚቆጠር አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛ የምሽት ጨዋታ ነው። ለእናቴ ባነብላት ወርቁን ትታ ሰሙ ላይ ቆመች። «ወይኔ አይባልም፤ ክፉ ይጠራል» ብላ ተቆጣችኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ እቅዴ ሰምቶ፣ «ወይን ጠጅ ፈልገህ ከሆነ ባሕር ዳር ሞልቶ የለም ወይ? ለአንድ ብርጭቆ እስከ ስምጥ ሸለቆ ትወርዳለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና የጉዞውን ወጪ ደጋግሜ ደምሬዋለሁ። መሳፈሪያ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የጀልባ ኪራይ፣ ያልታሰበ ወጪ። እርሻው ባለቤት ያለው ነውና አስቀድሞ ደውሎ ፈቃድ መጠየቅም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በየትኛውም ሒሳብ ብርጭቆዋ አታዋጣም። የቱንም ያህል ብደምር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ዋጋውን ልተምነው ያልቻልኩት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም መንገዱ ነው።

የጎጃም መንገድ ስሞቹን ብቻ ለሚያነብ ሰው የተስፋ መጽሐፍ ነው። ከመራዊ እንደተነሡ ወተት አባይ አለ። ወንዙን ወተት ያለው ማን ይሆን? ከዚያ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ። ከቡሬ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይመጣል፤ የሰላም ጎዳና። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር። ደምበጫን አልፈው ደብረ ማርቆስ ይደርሳሉ፤ እርሷም በጥንት ስሟ መንቆረር ነበረች። ከደጀን በኋላ የአባይ በረሃ ይከፈታል፤ መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርድና እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ጎሐ ጽዮን፤ የጽዮን ንጋት። ከጽዮን ንጋት ተነሥቶ ደብረ ጽዮን ለመድረስ ከዚያ በኋላ የሚቀረው አዲስ አበባ፣ ሞጆና መቂ ነው። በእነዚህ ስሞች ብቻ የሚኬድ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ መንገድ በየትኛውም አገር አይገኝም ነበር።

መንገዱ ግን በስም አይኬድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን አንባቢ ያውቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቃና ዘገሊላ በዋለ በስምንተኛው ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ በመራዊ በትንሹ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም፤ ብዕሬም አይችለውም። ይህን ያነሣሁት ከመራዊ ተነሥቶ ስለ ጉዞ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ስለ ወይን ዘለላ ብቻ ቢያወራ ለአንባቢውም ለከተማውም ስለማይታመን ነው። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት፣ ተሳፋሪ ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩን ሳይሆን ሰማዩን የሚጠይቅበት ጊዜ መጣ። «ፍኖተ ሰላም» የሚለው ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ እንደ ጸሎት የሚሰማበት ጊዜ።

እኔም በአውሮፕላን ልወስዳት አሰብኩ። ከመራዊ ባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የአንድ ሰዓት ገደማ በረራ። ከዚያ ወደ ዝዋይ በመኪና። ወጪው ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። ይህን መላ ይዤ፣ ወረቀቴን ዘርግቼ፣ ለእናቴ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አውሮፕላኑ ቡሬ ይወርዳል?» አለችኝ።

«ቡሬ? አይወርድም እማዬ። በላይ በላዩ ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ቡሬ ታናሽ እህቷ አለች። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ የቤታችን በርበሬ ከቡሬ ነው የሚመጣው። አክስቴ በየዓመቱ ዛላውን በጆንያ አስራ፣ ለምታውቀው ሾፌር አደራ ሰጥታ ትልከው ነበር። እናቴ ደግሞ በፋንታው የዳጉሳ ብቅል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈትል ትልካለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጆንያው መምጣት አቁሟል። እናቴ በርበሬ ከገበያ ትገዛለች፤ ቀምሳም «ይህ የቡሬ አይደለም» ትላለች። ሁለቱ እህትማማቾች መስመር ሲኖር በስልክ ይነጋገራሉ። ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም። መራዊና ቡሬ በደህናው ጊዜ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነበሩ።

«ዝዋይ ድረስ የሚያስኬድ መንገድ ካለ፣ ቡሬ የሚያደርስም አለ ማለት ነው» አለችኝ እናቴ። «ለካ ስለዚህ ነው ዝም ብየ ስሰማህ የከረምሁት።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። እኔ ያቀድኩት ወደ አንድ ተክል ነበር። በቃልና በነገር መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ጉዞ ልዘጋው ነበር ያሰብኩት፤ እንዲህ ያለው ምኞት መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ምኞት ነው። እናቴ በስሟ ምንም አልጎደለባትም። ስሟ ሐረግ ሳይሆን ሰው ነው፤ ስሟን የሚጠሯት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ በልጅነት ስሟ፣ በቁልምጫ፣ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እርሱም ያለው ዝዋይ አይደለም፤ ቡሬ ነው።

ዝዋይን ግን አልሰረዝኩትም። እርሷም እንድሰርዘው አልፈለገችም። «እህቴን ይዘናት እንሄዳለን፤ እርሷም የወይኑን አገር ትይ» አለች። አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው ዝርዝር ተለውጧል። የመጀመሪያው ሌሊት፣ ምናልባትም ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ቡሬ ነው። ከዚያ ሦስት ሰው ሆነን አባይን እንሻገራለን። ዝዋይ ለመድረስ የምንችለው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው። አንድ ቀን ለማሳው፣ አንድ ቀን ለሐይቁ። በሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን። የጀልባው ኪራይ በሦስት ተከፍሎ ስለሚታሰብ እንዲያውም ይረክሳል።

የቀረው ቀኑን መቁረጥ ነበር፤ ይህም በራሱ ቅኔ ነው። በሰኔ አይሆንም፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ባንክ ቤት በሰኔ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ እንደ ቀልደኛ ነው የሚታየው። ክረምቱም ይገባል። በዐቢይ ጾም አይሆንም፤ እናቴ ስትጾም ረጅም መንገድ ያደክማታል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምባቸውም። «በበዓለ ኀምሳ ከሆነ ያን ወይን ጠጅ ልቀምሰው እችላለሁ፤ ጅቡስ ቀምሶት የለ» ብላኛለች። ስለዚህ በፋሲካና በሰኔ መካከል ያሉትን ሳምንታት አከበብኳቸው። መንገዱ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሆን ወረቀቱ አይናገርም።

እናቴ የእኔን ክብ አይታ አለፈችው። የእርሷ ቀን መቁጠሪያ ሌላ ነው። ለእህቷ ጋቢ እያሠራች ነው፤ ጥጡን ፈልቅቃ፣ ነድፋ፣ ክረምቱን ሙሉ በእንዝርቷ ስትፈትለው ከርማለች። ድውሩ አልቆ አሁን ሸማኔው ዘንድ ነው። ሸማኔው ለፋሲካ አደርሰዋለሁ ብሏል።